የእትዬ አንጓች ጭቃ እና የእኔ ዝርዝር

ሰው መገጣጠም ከመማሩ በፊት መፈታታት የሚወድ ፍጡር ነው። አዲስ የእጅ ሰዓት ስጡትና ተመልከቱ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳያይ ጀርባውን የሚከፍትበት ቢላ ፍለጋ ይነሣል። የኬሚስትሪ መምህር ደኅና ይጠጣ የነበረውን ውሃ ይዞ ሁለት ዓይነት አየር ካላደረግሁት ብሎ ይሟገታል። የመጽሐፍ መምህራኖቻችን እንኳ አንዲት አጭር ኃይለ ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ሲተረትሯት ይውሉና፣ ወደ ቤታቸው ሲገቡ ቃሏ እንደ ነበረች አንድ ሆና ትቀራለች። እኔ ከሁሉም የማደንቀው የቅርጫ ሰዎችን ነው። በሬን የሚያህል ፍጥረት በአንድ ጠዋት ቅጠል ላይ ይበትኑና፣ ከጉበቱም ከሻኛውም ከጎድኑም ለእያንዳንዱ መደብ ጥቂት ጥቂት አድርሰው፣ ዕጣ ጥለው ይለያያሉ። ልብ በሉ፤ ጅራት ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም። ይህቺን ነገር ልብ ሳልላት ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ።

ሥራዬ ደባርቅ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኮምፒውተር ማስተማር ነው። ኮምፒውተር አስተምራለሁ ስላችሁ ብዙ ኮምፒውተር ያለኝ አይምሰላችሁ፤ መብራትም ሁልጊዜ ያለ አይምሰላችሁ። መብራት በጠፋ ቀን የማስተምረው አንድ ትምህርት አለኝ፤ እሱም ትልቁን ችግር በትናንሽ ችግሮች መሸንሸን ነው። ኮምፒውተር እንደሚወራለት ብልህ አይደለም። «ቤቱን ጥረግ» ብትሉት ዝም ብሎ ያያችኋል። መጥረጊያውን አንሣ፣ ጎንበስ በል፣ ከጥጉ ጀምር፣ በሩ ጋ ስትደርስ አቁም ብላችሁ ስትበትኑለት ግን የሚቀድመው የለም። ማሰብ ማለት መበተን ነው እያልሁ ስንት ዓመት አስተማርሁ። ሌላም የምጨምራት ነገር ነበረችኝ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሥራ ይወቅ እንጂ የሌላውን ማወቅ አያስፈልገውም እል ነበር። ይህቺኛዋን ስናገር ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ፈተና ላይ ትመጣለችና።

ከጎኔ ባለው ክፍል መምህርት ሰናይት ባዮሎጂ ታስተምራለች። የእሷ መበተን መበስበስ ነው። ፈረንጆቹ ለእኔም ለእሷም ትምህርት «ዲኮምፖዚሽን» የሚል አንድ ስም መስጠታቸውን ሳይ የቃል እጥረት ነበር የመሰለኝ። ሰናይት ግን «የእኔዎቹ ካንተዎቹ ይበልጣሉ» ትለኛለች። የእኔዎቹ የምትላቸው በዓይን የማይታዩትን፣ የሞተውን ሁሉ ቆርጥመው ለሚበቅለው ምግብ የሚያደርጉትን ረቂቅ ፍጥረታት ነው። እነሱ ባይኖሩ ከአዳም ጀምሮ የረገፈው ቅጠል ሁሉ አንገታችን ድረስ ይደርስ ነበር ትላለች። ሰሜን ተራሮች ላይ ከቡይት ራስ በላይ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። እዚያ ብርዱ እነዚያን ፍጥረታት እጅ እግራቸውን ስለሚያስራቸው፣ ጅባራ የሚባለው ረጅም የውርጭ ተክል ከሞተ በኋላ እንደቆመ ደርቆ ይከርማል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር መንገደኛ አይለየውም። አንድ ቀን በመምህራን ክፍል ውስጥ ስንከራከር «ያንተ መበተን ሰው ይፈልጋል፤ የእኔ የሚፈልገው ጊዜ ነው» አለችኝ። ሳቅሁባት። ጊዜ ደግሞ ምን ሥራ ይሠራል?

አሁን ወደ አክስቴ ልውሰዳችሁ። እትዬ አንጓች የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ከዳባት ወጣ ብሎ፣ ቁልቁለት ላይ በተሠራ የጭቃ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው አያ ወርቁ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለፈው ክረምት ከቤቱ ጀርባ መሬቱ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ መጀመሪያ ጣት ያስገባ ነበር፤ ጥቅምት ላይ ክንድ አስገባ። ቀበሌው ከአስፋልቱ ዳር ሌላ ቦታ ሰጣቸውና፣ መጪው ክረምት ሳይገባ ይነሡ ተባለ። ልጆቻቸው ወደ ጎንደር፣ እኔ ወደ ደባርቅ ብንለምናቸው አሻፈረኝ አሉ። «የሰው ቤት እንግዳ ያደርጋል እንጂ ባለቤት አያደርግም፤ ቤቴ ይነቀልና ይተከልልኝ» ብለው ቁርጡን ነገሩን።

ቤት ነቅሎ መትከል በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። የጥድ ቋሚ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዕንጨት ነው፤ ቆርቆሮውም ሚስማሩ ተነቅሎ እንደገና ይመታል። አዲስ ዕንጨት ልግዛ ቢሉ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። እንግዲህ ጉዳዩ ይህ ነበር፤ ሰኔ ሳይገባ ያ ቤት አዲሱ ቦታ ላይ ግድግዳ ለብሶ ካልቆመ፣ እትዬ አንጓች ክረምቱን የሚያሳልፉበት የራሳቸው ቤት አይኖራቸውም።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው። «ይህን ለእኔ ተዉልኝ» አልሁ። መብራት በነበረበት አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ቤቱን እስከ ሚስማሩ በተንሁት። ቋሚዎቹ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈባቸው፤ ማገሮቹ በየጎናቸው፣ ቆርቆሮዎቹ በየረድፋቸው ተለዩ። ሰዉንም በተንሁት። አፍራሾች፣ ተሸካሚዎች፣ ቦታ አጽጂዎች፣ ተካዮች፣ መራጊዎች ብዬ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱን ወረቀት አተምሁ። ለአፍራሾቹ፣ ከዕንጨቱ ላይ የሚራገፈውን የድሮ ጭቃ «ፍርስራሽ፤ እዚያው ይተው» ብዬ ጻፍሁላቸው። ማንም ሰው የሌላውን ቡድን ወረቀት እንዳያይ ተጠነቀቅሁ፤ ግራ ይጋባል ብዬ።

ከደቦው አንድ ሳምንት በፊት አዲሱን ቦታ ልለካ ብቻዬን ሄድሁ። ጥጉ ላይ አንድ ሰፊ ጉድጓድ አየሁ። ላዩ ጭድ የተንሳፈፈበት ጥቁር ውሃ ነው፤ ዝንብ ሰፍሮበታል፤ ሽታውን ተዉት። እኔ ብሎኬት ቤት ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጎረቤት ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ጉድጓድ መሰለኝና፣ አፍንጫዬን ይዤ ለቦታ አጽጂዎቹ ወረቀት አንድ መስመር ጨመርሁ። «የሚሸተውን ጉድጓድ ጠርጎ ወደ ገደል መድፋት፤ ከዚያም በጠጠር መሙላት።» ጠጠሩን እንኳ አልረሳሁም።

በግንቦት ውስጥ በዓል የሌለባቸው ሁለት ተከታታይ ቀናት ማግኘት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ በቄሱም በሽማግሌውም ፈቃድ ተገኘ። በመጀመሪያው ቀን ቤቱ ፈረሰ። ተሸካሚዎቹ ዕንጨቱን በትከሻ፣ ቆርቆሮውን በአህያ አድርገው ግማሽ ሰዓት የሚያስኬደውን ዳገት ወጡት። በሁለተኛው ቀን ተካዮቹ ቁጥር አምስት ቋሚ የት ነው፣ ቁጥር ዘጠኝ ማገር ወዲህ በለው እያሉ ሲያቆሙት፣ በምሳ ሰዓት ቤቱ አጥንቱ ቆሞ ክዳኑን ለበሰ። አንዲት ማገር አልተሳሳተችም። ሽማግሌዎች ቀይ ቁጥሩን እየዳበሱ «ወይ የዘመን ነገር!» ሲሉ እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ፣ ያልሰማሁ መስዬ እሰማ ነበር። ሰናይትም ልትረዳ ከደባርቅ መጥታ ነበርና «በል ዛሬስ አሸንፈሃል» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሆዴ በኩራት ጢም ብሎ ነበር።

የመራጊዎቹ ተራ ደረሰ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው መጡና፣ ከመካከላቸው ጠና ያሉት «ጭቃው የት አለ?» አሉ።

ወረቀቴን አየሁ። አፈር፣ ጭድ፣ ውሃ ይላል። ሦስቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። «ይኸው» አልሁ።

ሴትዮዋ ክምሩን አዩት፤ ደግሞ እኔን አዩኝ። «ይሄማ አፈርና ጭድ ነው። ጭቃውን ነው የጠየቅሁህ፤ የከረመውን።»

ያን ዕለት የተማርሁትን እነሆ። ጭድ ከአፈር ጋር ዛሬ ተረግጦ ዛሬ አይመረግም። ቢመረግ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው ከነማገሩ ይራቆታል። ጭቃ ይቦካል፤ ውሃ እየጠጣ፣ በየጊዜው እየተረገጠ፣ ጭዱ እስኪበሰብስና እስኪሸት ሳምንታት ይቆያል። ያ የበሰበሰው ጭድ ነው አፈሩን እንደ ሙጫ የሚያያይዘው። እትዬ አንጓች ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በየሁለት ቀኑ ያን ዳገት ብቻቸውን እየወጡ ሲረግጡት ነበር የከረሙት። ለእኔ አልነገሩኝም፤ ጭቃ የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብለው አላሰቡም።

«ጉድጓዱ እዚህ ጥግ ላይ ነበር» አሉ መራጊዋ። ሄድን። ጥጉ ላይ የተደለደለ፣ የተስተካከለ፣ የሚያምር ጠጠር አለ። ከጠጠሩ ዳር የአጽጂዎቹ አለቃ ጌታነህ ቆሟል። ዳባት ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ታማኝ ጎልማሳ ነው፤ ወረቀቱን አራት አጥፎ በደረት ኪሱ ይዟል። «እንደተጻፈው ጠርገነዋል» አለ ደስ ብሎት።

ደነገጥሁና ጮኽሁበት። «አእምሮ የለህም? ሰው አትጠይቅም?» ብዬ በሕዝብ ፊት ተቆጣሁት። መለስ ብሎ አንድ ነገር ሊል አሰበና ተወው። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ የእኔው ጽሑፍ ነው፤ የፊደል ግድፈት እንኳ የለበትም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ገደል ስለከተትሁት የምለቅመውም አልነበረኝም። አዲስ ጭቃ ቢቦካ ሦስት ሳምንት፣ ተመርጎ ሊደርቅ ደግሞ ሌላ ሳምንት ይፈልጋል፤ ቀና ብዬ ባይ ከሰሜን ተራሮች በኩል ደመናው ጠቁሯል። የድሮ ቤታቸው ፈርሷል፤ አዲሱ ራቁቱን ቆሟል፤ በመካከሉ አክስቴን ሜዳ ላይ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ። አፈርሁ። ከማፈርም አልፎ እንባዬ መጣ።

እትዬ አንጓች ከተራረፈ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ተንበርክኬ «አጠፋሁ እትዬ» አልሁ።

«ምን ታደርግ የኔ ጌታ፣ በጎ አደርግ ብለህ ነው» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለመራጊዋ ይሁን ለራሳቸው ባልታወቀ ድምፅ፣ «የድሮው ግድግዳ እኮ እዚያው ወድቋል። እሱ አንዴ የበሰበሰ ነው። ውሃ ቢጠጣ ይነሣ ይሆን?» አሉ።

መራጊዋ ጭናቸውን መቱ። «ይነሣል እንጂ! ደግሞ ካዲሱ ቢቀላቀል እርሾ ይሆነዋል። እንዴት ረሳነው?»

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በማንም ወረቀት ላይ አልነበረም። ጌታነህ መጀመሪያ ተነሣ። አፍራሹም፣ ተካዩም፣ መራጊዋም፣ ጠላ ሲቀዱ የነበሩትም ሁሉ ማዳበሪያ ከረጢት እየያዙ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል በአፌ ስለው ኖሬአለሁ፤ ያን ቀን በትከሻዬ ሰማሁት። ፍርስራሽ ብዬ የጻፍሁትን አፈር ተሸክሜ ዳገቱን አምስት ጊዜ ወጣሁ። በሦስተኛው ላይ ሰናይት ከአህያ ጋር ስትወርድ አገኘችኝ። ከከረጢቴ ቁራሽ ጭቃ አንሥታ ፈረፈረችው። ውስጡ የጭድ ጥላ ብቻ ነው ያለው፤ ጭዱ የለም፤ አፈሩ ግን ቅርጹን ይዞ ቀርቷል። «አየህ፣ የእኔዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል» አለችኝ። ከረጢቴን በትከሻዬ አስተካክዬ ዳገቱን ቀጠልሁ።

ጠጠሩን አውጥተን ጉድጓዱን እንደገና በድሮው ጭቃ ሞላነው። ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ አደረ። በማግሥቱ እትዬ አንጓች ጫማቸውን አውልቀው ከሁሉ ቀድመው ገቡበት። ከጉልበታቸው በላይ ሰጠሙና ቆሙ። «ይህን ከወርቁ ጋር ነው የረገጥነው» አሉ። «በተጋባን በዓመቱ። እሱ እዚህ፣ እኔ እዚያ ጥግ። እግሬን ያዢልኝ ብሎ ጣለኝ።» ሴቶቹ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ የሚያጽናኑኝ መስሎኝ፣ ምን ዓይነት ደግ ሴት ናቸው እያልሁ እግሬን አነሣለሁ፣ እጥላለሁ።

ግድግዳው በሰባተኛው ቀን ደረቀ። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግሥት ልቤ አላስቀምጥ ቢለኝ ሚኒባስ ይዤ ከደባርቅ ወረድሁ። ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞርሁት። ጣቴን እያስገባሁ ስንጥቅ ፈለግሁ፤ ጥፍር የሚያስገባ እንኳ አላገኘሁም። ያን ጊዜ ትንሽ ቀና አልሁ። ስሕተቴም ቢሆን መልካም ስሕተት ነበረ፣ የማይጻፈውን ነገር አስተማረኝ እያልሁ ለተማሪዎቼ መተረክ ጀመርሁ። ከታሪኩ ውስጥ ጌታነህ ላይ መጮኼን ግን ቆርጬ አወጣኋት።

መስከረም ላይ ዳባት ስወርድ የተሳፈርሁበት ባጃጅ የእሱ ሆነ። ከዚህ ወዲያ ማምለጫ የለም። «ጌታነህ፣ ያን ቀን በከንቱ ተቆጣሁህ። ጥፋቱ የእኔ ነበር» አልሁት።

«ኧረ ምንም አይደል» አለ በመስተዋቱ እያየኝ። «ደግሞ ሰው አልጠየቅህም አልኸኝ እንጂ ጠይቄ ነበር።»

«ማንን?»

«እትዬን ነዋ! ጠዋት ሲመጡ፣ ይሄ ጭቃ አይደለም ወይ እትዬ፣ ይደፋ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጉድጓዱን ብዙ ጊዜ ቆመው አዩት። ከዚያ ወረቀቱ ምን ይላል አሉኝ። ድፉ ይላል አልኋቸው። እንግዲያው እንደ ወረቀቱ አድርጉ ብለውኝ ሄዱ። አንተ ስትጮህ ልናገር ነበር፤ እሳቸው ግንዱ ላይ ሆነው አዩኝ። ተውሁት።»

ባጃጁ ውስጥ እንዴት እንደቆየሁ አላስታውስም። እትዬ አንጓች ደጃፉ ላይ ሆነው ድንች ሲለቅሙ አገኘኋቸው፤ ገና ሳልቀመጥ ጠየቅኋቸው። «እትዬ፣ ጌታነህ ጠይቆዎት ነበር አሉ።»

«ጠይቆኛል» አሉ፣ ከድንቹ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ አይደፋ አይሉም ነበር?»

«ደቦ የሚጠራው ለእህል ነው፣ ለቤት ነው፣ ለሣር ነው። ያን ሁሉ ዳገት የድሮ ግድግዳ አፈር ተሸከሙልኝ ብሎ ደቦ የጠራ ሰው ሰምተሃል? አፈር የትም ሞልቷል። አሮጊቷ ለየላት ይሉኝ ነበር። እኔም አፍሬ ነው አዲስ ያቦካሁት፤ ኋላ ያንተ ወረቀት መጣልኝ።»

አሁን የምቆጣው እኔ ነኝ። «ሰኔ ደርሶ ነበር እኮ! የድሮው ባይነሣስ? ክረምቱ ሜዳ ላይ ቢያገኝዎትስ?»

«ጭቃ አውቃለሁ» አሉኝ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ግድግዳውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት። «ያ ብቻዬን የረገጥሁትም መልካም ጭቃ ነበር፤ አይወቀስም። ግን እኔ ስተኛ ፊቴን የማዞረው ወደ ግድግዳው ነው።»